ውፍረትን በስሙ መጥራት

የ1966ቱንና የ1977ቱን ዓመተ ረኃብ ያየ፣ ቆዳ ከአጥንት ተጣብቆ ወገኑ በየጎዳናው ሲወድቅ የተመለከተ የራያ ቆላ ሕዝብ የሰውነትን መወፈር የበረከት ምልክት አድርጎ ቢቀበለው ሊነቀፍ አይገባውም፤ ዛሬም በቆቦ ከሩቅ አገር የተመለሰ ዘመድ «ወፍረሃል፤ ተመችቶሃል!» ሲባል ቃሉ ከልብ የመነጨ ቡራኬ ነው። ነገር ግን ማሽላ ሲያጭድና ሲሸከም የኖረው የገበሬ ልጅ ቀኑን ሙሉ በሱቅ ተቀምጦ ለስላሳ መጠጥ ሲጎነጭ የሚመጣበትን ደዌ ያው ምርቃት ይሸፍንበታል።

ስለዚህ «ከልክ ያለፈ ውፍረት»፣ «የደም ግፊት»፣ «የስኳር በሽታ» የሚሉት ቃላት በየትምህርት ቤቱና በየጤና ኬላው ከነትርጓሜያቸው ሊጠኑ ይገባል እላለሁ። ቃል ያለ ልኩ አይጨበጥምና፣ ተማሪው ክብደቱን በኪሎ ለክቶ፣ በሜትር የተለካ ቁመቱን በራሱ አባዝቶ ባገኘው ቁጥር ማካፈልን ይማር፤ ቁመቱ 1.60 ሜትር የሆነ ጎልማሳ 64 ኪሎ ሲደርስ ውጤቱ 25 ይሆናል፣ ክብደቱም ከዚህ ጀምሮ በዝቷል ይባላል፤ 77 ኪሎ ሲሞላ ግን 30ን ያልፋልና ሐኪሞች ከደዌ ይቆጥሩታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያስተምሩ ሕዝቡ ሰምቷቸዋል፤ ይህንንም ያስተምሩ፣ ሚዛንና ሜትርም ይሰጣቸው።