የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ዋንጫ የራቀባቸው ዓመታት

በዚህ እትም ያነጋገርናቸው እዚህ ኮሎራዶ፣ በሴንቴኒያልና በአውሮራ የሚኖሩ የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ናቸው። ስለ ድል እንዲያወሩ አልጠየቅናቸውም፤ እሱንማ ሳይጠየቁም ያወሩታል። የጠየቅናቸው ከ2010 እስከ 2013 ዓ.ም. ስላለፉት አራት የውድድር ዓመታት ነው።

ፈረሰኞቹ ጊዮርጊሶች 2009ን በፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ዘግተው ነበር። በዓመቱ ግን ገና ከታች ሊግ ያደገው ጅማ አባ ጅፋር በግብ ልዩነት በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። አንድ ታክሲ ነጂ አንባቢያችን ያንን የመጨረሻ ቀን የተከታተለው ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እየጠበቀ፣ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎ ነው። አዲስ አበባ አመሻሽ፣ እዚህ ማለዳ። ተራው ደርሶ ከኋላው ክላክስ ሲጮህበት እሱ የጅማን ጎሎች እየቆጠረ ነበር። በ2011 መቀሌ 70 እንደርታ፣ በ2013 ፋሲል ከነማ ዋንጫውን አነሱ፤ የ2012ቱን ውድድር ኮሮና አቋረጠው። ያንን ዓመት «አልተበለጥንም» ብለው የመዘገቡ አሉ፤ ይሁንላቸው።

የኢትዮጵያ ቡና ክለብ ደጋፊዎች ይህን ሲያነቡ እንደሚስቁ አውቃለሁ። የእነሱ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ የ2003ቱ ብቻ ነው፤ በአራት ዓመት ጾም ማን ያለቅሳል? ስለዚህ ለእነሱም ገጽ ሰጥተናል። ጽሑፋቸው ከጊዮርጊሶቹ ይረዝማል፤ እውነት ለመናገር ቀልዱም ይበልጣል።

እዚሁ ጎረቤታችን ኮሜርስ ሲቲ የሚጫወተው ኮሎራዶ ራፒድስም በ2023 እ.ኤ.አ. የምዕራቡን ምድብ በመጨረሻ ደረጃ ጨርሷል። ስለ እሱ የጻፈልን አውሮራ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው፤ አባቱ በ18ኛው ገጽ ላይ ስለ ጅማ ያማርራል።