በስም ብቻ ሥራ አስኪያጅ ለሆናችሁ ሴቶች የቀረበ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከዘነበወርቅ እስከ ቤቴል ለምትኖሩ፣ በባል፣ በወንድም ወይም በአጎት ድርጅት ውስጥ «ሥራ አስኪያጅ» ተብላችሁ ለፈረማችሁና ለመፈረም ለተዘጋጃችሁ ሴቶች ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በመተማመን ነው። «አንቺ ፈርሚ ብቻ፤ ሥራውን እኛ እንሠራዋለን» ይባላል። የመመሥረቻ ጽሑፉ ይዘጋጃል፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ተኪዶ ይፈረማል። ከዚያ በኋላ ማኅተሙ በሌላ ሰው ኪስ፣ የቼክ ደብተሩ በሌላ ሰው መሳቢያ ነው። ወርሃዊው የቫት ሪፖርት ምን ተብሎ እንደገባ፣ ደረሰኙ በትክክለኛው ዋጋ ይቆረጥ አይቆረጥ የፈረመችው ሴት አታውቅም። የግብር መርማሪ ሲመጣ የሚጠራው ግን ስሟ ነው። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ድርጅት የታክስ ወንጀል ሲፈጽም ሥራ አስኪያጁንም ተጠያቂ ያደርጋል። «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን አያድንም፤ ጥፋቱ እንዳይፈጸም ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጓንም ማስረዳት አለባት። ማኅተሙን እንኳ ያልያዘች ሴት ይህን በምን ታስረዳለች?

«ባሌ ነው የሚወስነው» ማለትም አያስኬድም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ራስ ባል ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አድርጓል። መብቱ እኩል ሲሆን ተጠያቂነቱም እኩል ሆኗል።

ከኃላፊነት ሽሹ ማለቴ አይደለም፤ የምለምናችሁ ተቃራኒውን ነው። ወንበሩን ያዙት፣ ግን ሒሳብ ማንበብ ተምራችሁ ያዙት። እዚሁ ዘነበወርቅ ያደገችው ቤተልሔም ጥላሁን የጫማ ድርጅቷን ሶልሬብልስን ስትመሠርት አካውንቲንግ ተምራ ነበር። ስለ እሷ ሲወራ የበረባሶው ጎማና በእጅ የተፈተለው ጥጥ ይነሳል፤ ትምህርቷን የሚያነሳ ጥቂት ነው። እኔ ግን ለሴት ልጆቻችን ቀድሞ ሊነገራቸው የሚገባው እሱ ይመስለኛል፤ ጫማ ውጭ አገር የሚሸጥ ሰው የጥሬ ዕቃውን፣ የጉልበቱንና የማጓጓዣውን ወጪ ደምሮ ዋጋ ማውጣት ካልቻለ በሸጠ ቁጥር ይከስራል። በ2005 ሥራ የጀመረውን እናት ባንክን የጠነሰሱት 11 ሴቶችም ባንክ የሚመራው በሒሳብና በሕግ መሆኑን አውቀው ነው የገቡበት።

ትምህርት ቤት ስትመርጡም ተጠንቀቁ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለየካምፓሱና ለየፕሮግራሙ ነው። አንድ ኮሌጅ ሌላ ሰፈር ባለው ካምፓሱ ማኔጅመንት ለማስተማር ተፈቅዶለት እናንተ ሰፈር ያለው ቅርንጫፍ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት የዚያኑ ካምፓስና የዚያኑ ፕሮግራም ፈቃድ ጠይቁ፤ የማታና የርቀት ትምህርት ሲሆን ደግሞ የበለጠ አጣሩ። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ የመጀመሪያ ዲግሪ እንደማይሰጥም አትርሱ።

አስቀድማችሁ የፈረማችሁ ዛሬውኑ የባንክ ስቴትመንቱን፣ የሽያጭ ማሽኑን ዜድ ሪፖርትና የገቡትን የቫት ሪፖርቶች ጠይቁ። ካልሰጧችሁ በጽሑፍ ልቀቁ። በቃል «ትቼዋለሁ» ማለት ከመዝገብ አያወጣም፤ ለውጡ በቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ንግድ ቢሮ ተመዝግቦ፣ ስማችሁ መነሣቱን የሚያሳየው ማስረጃ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ሥራ አስኪያጇ እናንተ ናችሁ።