ለሞተር የሚስማማውን ዘይት ስለ መምረጥ

ቤተ ሰቡን ይዞ ከጎንደር በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ስንቁንና ጋቢውን አስቦ ያሰናዳል፤ የሞተሩን ዘይት ግን ባለ ሱቁ እንደ ሰጠው ይቀበላል። «ወፍራሙ ይሻላል» የሚለው ምክር በሁሉ አፍ ነው፤ እኛም ብዙ ዘመን አምነነው ነበር።

ነገር ግን ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋቷ እጅግ ብርድ ነው። በዚያን ሰዓት ከልክ ያለፈ ወፍራም ዘይት እንደ ረጋ ማር እየተጎተተ ወደ ሞተሩ ላይኛ ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ እስኪደርስም ብረት ከብረት ይፋጫል። ይኸው መኪና ረፋዱ ላይ፥ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) መጀመሪያ የተሠራውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ቆላ ይገባል፤ ሲመለስም ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። እዚያ ደግሞ ከልክ በላይ የቀጠነ ዘይት በሙቀት ሳስቶ ብረቱን መጠበቅ ይሳነዋል። ሞተር በዚያ መታጠፊያ ላይ ከያዘ፥ ከሕፃናት ጋራ በገደል አፋፍ ማደር ይመጣል።

በጣሳው ላይ «15ደብሊው-40» የሚል ቢገኝ፥ የፊተኛው ቍጥር በብርድ ጊዜ ያለውን አፈሳሰስ (ባነሰ መጠን ይቀላል)፥ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ለየትኛው መኪና የትኛው እንዲገባ የሚወስነው ከፋብሪካው የመጣው መጽሐፍ ነው፤ እርሱም በብዙ ቤት ሳይገለጥ ተቀምጧል። ለናፍጣ ሞተር የተሠራውንም ከቤንዚኑ መለየት ያስፈልጋል።

ዘይቱም የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ፥ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ ነው፤ በተዳፋት ላይ የተለካ ዘይት ይዋሻል።