ከመርፌው በፊት ኩንታሉ ይከፈል

በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ሰሊጥ ታጭዶ መጫን ሲጀምር የጤና ጣቢያ ወረፋ መልኩ ይለወጣል። በመተማ አካባቢ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ከእነዚያ ታካሚዎች አንዱን እስካሁን አልረሳውም። ከደጋ ለቀን ሥራ የወረደ ወጣት ነው። ሁለት ቀን አይሱዙ ላይ ሰሊጥ ሲጭንና ሲያወርድ ውሎ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱንም ክንዶቹን መዘርጋት አቃተው። ሸሚዙን ያለበሰው ጓደኛው ነው። ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ዶክተር፣ መርፌዋን ብቻ ይውጉኝ፤ መኪናው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» አለኝ።

«መርፌዋ» ዳይክሎፌናክ ናት። ስለ እሷ እመለስበታለሁ።

ክንዱ የታመመው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው «አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ይላል፤ ከእኛ ከሐኪሞችም እንዲህ የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በሥራ ጊዜ የሚፈጠረው ላክቲክ አሲድ ሥራው በቆመ በአንድ ሰዓት ገደማ ከጡንቻው ይጠረጋል። በማግስቱ ለሚመጣ ሕመም ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ ያልለመደ ጡንቻ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ በጡንቻው ክሮች ላይ የሚደርሰው በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ጉዳት፣ ሰውነትም ያንን ለመጠገን ሲነሳ የሚፈጠረው መቆጣት ነው። ጉዳቱ የሚበዛው ደግሞ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ሲይዝ፣ ማለትም ከባድ ነገር ቀስ ተደርጎ ሲወርድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያወርድ የዋለ ሰው ከጫነው ይልቅ በማግስቱ ክንዱ ቢያመው አይገርምም።

ሕመሙ ከሥራው በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ያገገመ ጡንቻም ለዚያው ሥራ ከበፊቱ የተሻለ ይችላል። ነባሩ ጫኝና አውራጅ ደህና ውሎ ደህና ሲያድር አዲሱ የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ወንድነት አንሶት አይደለም።

ለማስታገስ የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም። ከባዱን ሥራ ለሁለት ሦስት ቀን መተው፣ ክንዱን ግን ጨርሶ አለማሰር፤ ቀስ እያሉ ማጠፍና መዘርጋት ደሙን ያንቀሳቅሳል፣ ሕመሙንም ያቀልላል። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በየመሀሉ ለ15 ደቂቃ ያህል ማድረግ ይረዳል። በለስላሳ እጅ መታሸት ችግር የለውም። ክንድን ጠምዝዞ መጎተት ግን የተጎዳውን ክር የበለጠ ይጎዳል፤ ወገሻ ዘንድ መሄድ የለመዱ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ጡንቻን ማሳሳብ ሕመሙን ያስቀራል የሚባለውም ሲፈተሽ ብዙ አላስገኘም፤ እ.ኤ.አ በ2011 የወጣ የኮክሬን ግምገማ ከሥራ በፊትም ሆነ በኋላ ቢደረግ የሚቀንሰው ሕመም እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ አሳይቷል። ማታ ድካምን በአረቄ ማውጣት ደግሞ ውኃ የጎደለውን ሰውነት ይብሱን ያደርቃል።

ማስታገሻ ካስፈለገ ፓራሲታሞል ይቀድማል። ለጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ሲሆን፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም አዘውትሮ አረቄ የሚጠጣ ሰው ግን ሳያማክር አይውሰድ።

አሁን ወደ መርፌዋ። ዳይክሎፌናክ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ እኔም አዝዘዋለሁ። ችግሩ የሚሰጥበት ሁኔታ ነው። በዚያ ሙቀት ላቡ ሲንጠፈጠፍ የዋለ ሰው ኩላሊት በቂ ደም ለማግኘት እየታገለ ነው። ዳይክሎፌናክ ኩላሊት በዚህ ጊዜ የሚጠቀምበትን መከላከያ ይዘጋበታል። የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ደግሞ ሊደማ ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው መርፌዋ ጉዳቱን ሳትጠግን ሕመሙን ብቻ ማደንዘዟ ነው። ሠራተኛው የዳነ ይመስለዋል፤ ተነስቶ ይሄድና ሌላ ሃምሳ ጆንያ ይጭናል።

በዚህ መልኩ የተገፋ ጡንቻ በብዛት ሊፈርስና ይዘቱ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ በ1941 በለንደን የቦምብ ድብደባ ፍርስራሽ ሥር ጡንቻቸው ተደፍጥጦ የወጡ ሰዎች ሽንታቸው ጠቁሮ፣ ኩላሊታቸው ደክሞ ሲሞቱ የተመለከቱ ሐኪሞች ነበሩ ይህን ጉዳት በደንብ የመዘገቡት። ለዚህ ጉዳት የግድ ፍርስራሽ አያስፈልግም። ሙቀት፣ የውኃ እጥረትና ያልተለመደ ከባድ ሥራ ሲገናኙም ይደርሳል። ስለዚህ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ወይም እንደ ወፍራም ሻይ የጠቆረበት፣ የሽንቱ መጠን የቀነሰበት፣ ክንዱ ያበጠና የደነደነ ወይም የደነዘዘ ሰው ነገን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሸክም ሲያነሳ ክንዱ ውስጥ «ቷ» የሚል ነገር ተሰምቶት ወዲያው ኃይል ያጣም፣ የግራ ክንዱን ሕመም ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር የሚሰማውም እንደዚሁ።

ሌላም የቆላው ወጥመድ አለ። የሰሊጥ ወቅት የወባም ወቅት ነው። ወባ ጡንቻንና መገጣጠሚያን እንደ ሸክም ይቆረጣጥማል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ካለበት «ሥራው ነው» ብሎ መተኛት አይገባም። መርፌዋ ትኩሳቱን ስለምታበርደው ወባው ተደብቆ ይቆያል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈና ሰውየው እየከሳ ከሄደ በመተማና በሁመራ የሚታወቀው ካላዛር መታሰብ አለበት።

መከላከሉን በተመለከተ የሚመከረው የታወቀ ነው። ሸክሙን ወደ ሰውነት አስጠግቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ወገብን ሳይጠመዝዙ ማንሳት ነው። በሙቀት ውስጥ ሲሠሩ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣትም ያስፈልጋል። የአሜሪካው ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ተቋም ሙቀት ያልለመደ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው የሥራ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ እንዳይሠራ፣ ከዚያም በየቀኑ 20 በመቶ ብቻ እየተጨመረለት እንዲሄድ ይመክራል። እንዲህ ማለማመድ ለጡንቻም ይጠቅማል። ከደጋ በወረደ ማግስት ሙሉ መኪና መጫን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ይህን ሁሉ ከመከርኩ በኋላ ግን አንድ ነገር እታዘባለሁ። መቶ ኪሎ የሞላ ጆንያ ፊት ለፊቱ ለተቀመጠለት ሰው «አነሳስህን አስተካክል» ማለት ቀልድ ይመስላል። ያው ተቋም ሁሉም ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ አንድ ሰው በእጁ የሚያነሳው ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራል። የዓለም የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ ያስቀመጠው ጣሪያ 55 ኪሎ ነው። የእኛ ኩንታል ከዚህ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

በእኔ እምነት ሰሊጡ ገና ከአውድማ ሲነሳ በ50 ኪሎ ጆንያ መሞላት አለበት። «የጆንያ ወጪው ይጨምራል፣ መጫኑም ጊዜ ይወስዳል» የሚሉ ባለሀብቶች ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ይጨምራል። ግን ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ነው የሚጓጓዘው፤ ገበሬው የሚገዛው ማዳበሪያም እንዲሁ። ለውጭ ገበያ የሚላከው ቡናችን በ60 ኪሎ ጆንያ ነው የሚሞላው። ለእነዚህ የተቻለ ለሰሊጥ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ክፍያው ግን በጆንያ ቁጥር ሳይሆን በኪሎ መሆን አለበት። አለዚያ ለአንድ ኩንታል ዋጋ ሁለት ጊዜ የሚመላለሰው ሠራተኛ ራሱ ለውጡን ይጠላዋል። ሁለቱን ደርቦ መሸከምም ይጀምራል፤ በሲሚንቶ ላይ የምናየው ይህንኑ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። በደላላ ተመልምሎ፣ በቃል ተስማምቶ መኪና ላይ ለሚወጣ የወቅት ሠራተኛ ግን ይህን የሚያስታውስለት ሰው ያስፈልገዋል። ጆንያ የሚገዛው ከአጨዳ በፊት ነውና የወረዳና የዞን ኃላፊዎች ከባለሀብቶች ጋር ሊነጋገሩ የሚገባውም ያኔ ነው።

ያ ወጣት መርፌዋን አላገኘም። በደሙ ወባ አልተገኘም፤ ሽንቱም ንጹሕ ነበር። ፓራሲታሞል ሰጥቼ፣ ብዙ ውኃ እንዲጠጣና ሁለት ቀን እንዲያርፍ ነገርኩት። ወረቀቱን ጓደኛው ተቀበለለት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «የሁለቱን ቀን ሒሳብ ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።