በጋይንት፣ ስማዳና እስቴ መምህሩ ሲጠየቅ መልሱን ማን ያነበዋል?

በአማራ ክልል ስለ ትምህርት ሲወራ የሚቆጠረው ተማሪው ነው። በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ተዘግቧል። መምህሩ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ግን እምብዛም አይነሳም። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር ወረዳዎች፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ የመምህራንን የሥራ ሁኔታ በመጠይቅ ማጥናት ተገቢ ነው። ዋናው ጉዳይ ቅጹ በማን እጅ ያልፋል የሚለው ነው።

እኔ ሳስተምር መጠይቅ የሚመጣው በርዕሰ መምህሩ በኩል ነበር፤ ተሞልቶ የሚመለሰውም ለእሱው። የሥራ አፈጻጸም ውጤትህን የሚሞላው ሰው እያነበበው «የአስተዳደሩ ድጋፍ እንዴት ነው?» ለሚለው «ዝቅተኛ» ብሎ የሚያከብ ማነው? አብዛኛው «መካከለኛ» ላይ ያከባል። ስም አይጻፍም ይባላል፤ ስድስት መምህር ባለበት ትምህርት ቤት ግን የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ግጭቱ አለ። መልሱ በታጣቂ ወይም በጸጥታ ኃይል እጅ ቢገባስ ብሎ የሚሰጋ መምህር ሊወቀስ አይገባም። የተሰጠ መልስ አማና ነው፤ ሰብሳቢው ከወረዳው መዋቅር ውጭ የሆነ፣ ፖስታውም የታሸገ መሆን አለበት።

የቦታ ምርጫውም ያሳስባል። ነፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ስላለች ለጠያቂ ትመቻለች። ከስማዳና ከታች ጋይንት ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርደው መምህር ግን ሌላ ኑሮ ነው ያለው፤ የአስፋልት ዳር መልስ እሱን አይወክልም።

ስለ ደመወዝ «በቂ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ወረቀት ማባከን ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ጀማሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር እንዲያድግ ተወስኗል። መጠየቅ ያለበት፦ ደመወዙ በስንተኛው ቀን ገባ? ሳይፈቅዱ ምን ተቆረጠ? ባንክ ለመድረስ ስንት ሰዓት ተጓዙ? ትምህርት ቤቱ በተዘጋባቸው ወራትስ ተከፈለ?

መምህሩን ወደ ጎን ትቶ መወሰን ምን እንደሚያስከትል አገራችን አይታለች። በንጉሡ ዘመን «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት የመምህራንን ማኅበር አግልሎ ተዘጋጀ ተብሎ ተቃውሞ ገጠመው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማገድ ተገደደ።

የአሁኑ ጥናት ቢያንስ ውጤቱ ባሕር ዳር መደርደሪያ ላይ ከመቀመጡ በፊት፣ ለሞሉት መምህራን በየጉድኝት ማዕከሉ ይነበብላቸው።