በጋውን የሚሻገር ዘር

የበልግ ዝናብ መሬቱን ካራሰ በኋላ በወላይታም ሆነ በሲዳማ ብዙ ገበሬ ከቤት ቤት እየዞረ የስኳር ድንች ሐረግ ይጠይቃል። መሬቱ ለስልሷል፣ ጉልበት አለ፣ ዝናቡም መጥቷል፤ የሚተከለው ግን የለም። በጋው ሐረጉን አድርቆታል፣ የተረፈውንም ከብት ግጦታል። ሐረግ ያለው ጎረቤት ቢገኝ እንኳ ቅድሚያ የሚሰጠው ለራሱ ማሳ ነው። ከሩቅ ቀበሌ በመኪና ተጭኖ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠውልጎ፣ ዝናቡም ከተጋመሰ በኋላ ይደርሳል። ስኳር ድንች በአራትና በአምስት ወር የሚደርስ፣ በቆሎው እስኪያሽት ቤተሰብን የሚያሻግር ሰብል ነው። አንድ ወር ዘግይቶ መትከል ማለት አንድ ወር ተጨማሪ ባዶ ድስት ማለት ነው።

ጤፍና በቆሎ ሲሰበሰብ ዘሩ አስቀድሞ ይለያል፤ ቤተሰቡ ቢቸገር እንኳ ለዘር የተቀመጠውን ላለመንካት ይታገላል። ለስኳር ድንች ግን ይህን ክብር ነፍገነዋል። ተቆፍሮ ይበላል ወይም ይሸጣል፤ ዘሩ ከሚቀጥለው ዝናብ ጋር ከሆነ ቦታ እንደሚመጣ ይታሰባል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዘሩን ለማቆየት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በየቤታችን አለ።

ስኳር ድንችና ድንች በጉልት ጎን ለጎን ቢቀመጡም የቅርብ ዝምድና የላቸውም። ድንች የቲማቲምና የበርበሬ ወገን ነው፤ ዓይን ያወጣውን ድንች እንዳለ መሬት ውስጥ ቀብረን እናባዛዋለን። ስኳር ድንች ግን ጠዋት ፈክተው ከሰዓት በኋላ ከሚከስሙት የሐረግ አበቦች ወገን ሲሆን የምንበላውም ያበጠ ሥሩን ነው። ይህን ሥር እርጥብና ሞቃት አፈር ውስጥ ስናስተኛው ከአንድ ጫፉ ቡቃያ ይገፋል። ማሳ ላይ የምንተክለው ቡቃያውን ቆርጠን ነው፤ ሥሩ እዚያው ቆይቶ ሌላ ያወጣል። አንድ ደህና ሥር በዚህ መንገድ ለተከላ የሚሆን በአሥሮች የሚቆጠር ቡቃያ ሊሰጥ ይችላል።

ሥሩን በጋውን ሙሉ ሳይበሰብስ ለማቆየት አሸዋ ይበቃል። ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር በምሥራቅ አፍሪካ የፈተነው፣ በኋላም በጋናና በእኛ አገር ያስተዋወቀው ዘዴ ይኸው ነው። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ሲቆፈር መካከለኛ መጠን ያላቸው፣ ዶማ ያልነካቸውና ነቀዝ ያልገባባቸው ሥሮች ይመረጣሉ። ሳፋ ውስጥ ጋዜጣ ይነጠፍና ደረቅ አሸዋ ይደረጋል፤ ሥሮቹ እርስ በርስ ሳይነካኩ ይደረደራሉ፤ እንደገና አሸዋ፣ እንደገና ሥር፣ ከላይ አሸዋ። አሸዋው ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥበት ካለው ሥሩ ያለጊዜው ይበቅላል ወይም ይሻግታል። ሳፋው ከቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ጥግ ይቀመጣል፤ በየወሩ እየተገለጠ የበሰበሰው ይወጣል፣ ቀድሞ የበቀለውም ይቀነጠሳል።

ዝናብ ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲቀረው፣ ለበልግ ከሆነ ጥር ላይ፣ ሥሮቹ ወደ መደብ ይወጣሉ። ለመደቡ የእቃ ማጠቢያ ውሃ የሚደፋበት አካባቢ ወይም የጓሮው ቧንቧ ዳር ይመቻል። ዶሮና ፍየል የማይገባበት አጥር የግድ ነው፤ ለጋ ቡቃያ ከሁሉ በፊት የሚያገኙት እነሱ ናቸው። በየሦስትና በየአራት ቀኑ ውሃ ይጠጣል። ቡቃያው ስንዝር ተኩል ያህል ሲረዝም ከአፈሩ ጥቂት ከፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ከፍ ማድረጉ ዝም ብሎ የተባለ አይደለም፤ ነቀዟ እንቁላሏን የምትጥለው ከግንዱ ሥር አካባቢ ስለሆነ ጫፉን ብቻ የወሰደ ሰው ተባዩን ወደ አዲሱ ማሳ ይዞ አይሄድም። ከተተከለ በኋላም ሥሩ ሲያብጥ አፈሩ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን በማስታቀፍ ያልዘጋ ሰው ለነቀዟ በር ከፈተላት።

የዘዴው ትልቁ አደጋ ቫይረስ ነው። በክሽክሽ የሚተላለፈው አንዱ ቫይረስና በነጭ ዝንብ የሚተላለፈው ሌላው በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ከምርቱም ከግማሽ በላይ ሊጠፋ ይችላል። ከታመመ ተክል የተወሰደ ሥር በሽታውን ይዞ ይከርማል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ከጤነኛው አይለይም። ስለዚህ ምርጫው መካሄድ ያለበት ከቁፋሮ በፊት፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ሐዋሳ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ማሳቸውን እየዞሩ ቅጠላቸው ባማረ ተክሎች ግንድ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። «እማማ፣ ለምንድን ነው?» ስላቸው «ከተቆፈረ በኋላማ ሁሉም አንድ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከእሳቸው የተሻለ ማብራሪያ ከባለሙያ ሰምቼ አላውቅም። እንዲህም ተጠንቅቀን በሽታው በዓመታት ውስጥ መከማቸቱ ስለማይቀር አልፎ አልፎ ከምርምር ማዕከል ንጹሕ ሐረግ ማምጣት ያስፈልጋል።

ጓሮው ላይ የትኛው ዓይነት ይተከል ለሚለው ድርቅ ያለ አቋም አለኝ። ሐዋሳ 83 የተባለው ነጭ ዝርያ ሲቀቀል ደረቅና ዱቄታማ ስለሚሆን ሰው ይወደዋል፤ ይገባኛል። ነገር ግን ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ቢያንስ አንድ መደብ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ፣ እንደ ኩልፎ ያለ ዝርያ ሊኖረው ይገባል። ከብርቱካናማው ዝርያ 125 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ አነስተኛ ሥር፣ ለትምህርት ያልደረሰ ሕፃን የቀኑን የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ያሟላል፤ ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ከተጨመረበት ደግሞ ሰውነቱ ይበልጥ ይጠቀምበታል። የቫይታሚኑ እጥረት የሕፃናትን ዓይን ያጠፋል፣ በሽታን የመቋቋም አቅማቸውንም ያዳክማል። ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎው ከሃዋርዝ ቡዊስ ጋር በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት በእንዲህ ዓይነት በንጥረ ነገር የበለጸጉ ሰብሎች ሥራቸው ነበር። ሽልማት ያስገኘ ሰብል እኛ ዘንድ ገና «የችግር ቀን ምግብ» እየተባለ ከእንግዳ ፊት ይደበቃል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ለአዲስ አበባ አንባቢዎች፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ቅዝቃዜው ሥሩን ያዘገየዋል፤ ሐረጉ ቢያምር እንኳ ብዙ አትጠብቁ። አዳማ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ያላችሁ ግን ሙቀቱ ስላላችሁ ውሃ ብቻ አትንፈጉት። ፍግም አታብዙበት፤ ቅጠል ብቻ ይሆንባችኋል።

የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች ስለ ዘሩ ማስተማር ያለባቸው ኅዳር ላይ፣ ቆፋሪው ማሳው ላይ ሳለ ነው። መጋቢት ላይ ሐረጉ ከጠፋ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ለዚያ ዓመት አይደርስም። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ሳፋ፣ ደረቅ አሸዋና ሠላሳ አርባ ሥር ይበቃል፤ ይህን ለማሳየት የአንድ ቀን ከሰዓት በቂ ነው። የወረዳው ሪፖርትም ከተከፋፈለው ሐረግ ብዛት ጎን፣ ጥር ሲያልቅ ስንት ቤት የራሱ የቡቃያ መደብ እንዳለው ይቁጠር።