የሰው ዓይን ፍራቻ በማንዳሪን ቋንቋ

ወገኖች፣ ከመሳደባችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡ። ዛሬ የማወራው ሁለት ሴቶች ስለሚፋቀሩበት አስቂኝ የፍቅር ፊልም ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል።

ፊልሙ «ሴቪንግ ፌስ» ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጸሐፊዋም ዳይሬክተሯም አሊስ ዉ የምትባል የቻይና ዘር ያላት አሜሪካዊት ናት። ርዕሱን ቃል በቃል መተርጎም አያስፈልግም፤ እኛ ጋ ስሙ ይሉኝታ ነው።

ታሪኩ ኒውዮርክ ውስጥ ነው። ዊል ጎበዝ የቀዶ ጥገና ሐኪም ናት። ፍለሺንግ በሚባለው ሰፈር ቻይናውያን አርብ አርብ እየተሰበሰቡ ይጨፍራሉ፣ እናቶችም ለልጆቻቸው ትዳር ያፈላልጋሉ። የዊል እናትም ለልጇ ባል ፍለጋ ላይ ናት። የዊል ልብ ያረፈው ግን ቪቪያን በምትባል ዳንሰኛ ላይ ነው። ይህንን ለእናቷ ትንፍሽ አትልም።

ከዚያ ጉድ ይመጣል። ባሏ የሞተባት የ48 ዓመቷ እናት አርግዛ ትገኛለች! አባትየው ማን እንደሆነ አትናገርም። አያትየው በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ናቸውና ባል እስክታገኝ ድረስ ከቤት አባረሯት። እሷም ጓዟን ይዛ ልጇ ቤት ገባች። እናትና ልጅ በአንድ ቤት፣ ሁለቱም ከሰው የሚደብቁት ፍቅር ይዘው። አሁን ደግሞ ልጅ ለእናቷ ባል ፍለጋ ትሯሯጣለች። የፊልሙ ሳቅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የሚያመው ቦታ ኤርፖርቱ ነው። ቪቪያን ወደ ፓሪስ ልትሄድ ስትል ዊል እወድሻለሁ ትላታለች። «እንግዲያው ሰው ፊት ሳሚኝ» ስትባል ግን እግሯ ይተሳሰራል። የሰው ዓይን!

ሰው ፊልሙን ለምን ወደደው? አጀንዳ ስለሆነ ነው? እኔ አይመስለኝም። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ የሚወደውን የደበቀ ሁሉ ራሱን ስለሚያይበት ነው። ዋሽንግተን ያደገ የኛ ልጅም፣ ወላጆቹ በአንድ ቋንቋ ሲጠይቁት እሱ በሌላ እየመለሰ የኖረ፣ ያንን ቤት ያውቀዋል።

አሁን እኛን በቀጥታ ወደሚመለከተው ልምጣ። አሊስ ዉ ማይክሮሶፍት ትሠራ ነበር። ሥራዋን ለቃ፣ ፊልሙን ለመሥራት ለራሷ አምስት ዓመት ሰጥታ ወጣች። የሆሊውድ ሰዎች ገጸ ባሕርያቱን ነጭ እናድርጋቸው ሲሏት እምቢ አለች። ብዙ ንግግር በማንዳሪን እንዲሆንም ጸናች። የራስህን ታሪክ በራስህ ቋንቋ ተናገር እያልን የምንጮኸው ይሄንኑ አይደል?

ግን እሷ አንድ እርምጃ አልፋ ሄዳለች። ወገኗን ስትወድ ጥፋቱን አልሸፈነችለትም። አያትየውን ጭራቅ አድርጋ አልሳለቻቸውም፤ የሰው አፍ የሚፈሩ ሽማግሌ ናቸው። በመጨረሻ ሁለቱን ሴቶች አርብ ጭፈራው ላይ መልሰው ያገናኟቸውም እናቶቻቸው ራሳቸው ናቸው። በሁሉም ፊት ተሳሳሙ። አንዳንዱ ተናዶ ወጣ፣ ሌላው ቀርቶ መጨፈሩን ቀጠለ። ስለዚህ ማኅበረሰቡ አልፈረሰም።

ሕጋችንም ባህላችንም በዚህ ጉዳይ የት እንደቆመ አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙም አውቃለሁ። ግን እስቲ በየቤታችሁ ዙሩና እዩ። የማትወደውን አግብታ ዝም ያለች እህት የለችም? ባሏ ከሞተ በኋላ ልቧ ሌላ ወዶ «ልጆቼ ምን ይሉኛል» ብላ የቀረች እናትስ?

«ሕዝቤን እወዳለሁ» ማለት ቀላል ነው። ሕዝብ ማለት ግን እነዚህ ቤታችን ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ማታ አንዷ ልቧን ልትነግራችሁ ብትፈልግ፣ እናንተን ትፈራችኋለች ወይስ አትፈራችሁም? እኔ እህቴ እንደምትፈራኝ ያወቅኩት ይህን ፊልም ካየሁ በኋላ ነው።